የድሃ ሰው ጥርስ በእግዚአብሔር ፊት

የዕለቱ ንባብ፦ ዘጸአት 21፥26–27፤ ነህምያ 2፥1–8፤ ያዕቆብ 2፥14–17



ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ከስብከት ይልቅ ለንስሐ የቀረበ ነው። ስለ ጥርስ ነው። «ደግሞ ጥርስ ምን መንፈሳዊ ነገር አለው?» የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እስካለፈው ጥቅምት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የአባቴ እኅት ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ሳጉሬ አካባቢ ትኖራለች። እኛ አገር የአባትን እኅት «አዳዳ» እንላታለን። ባሏ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ገብስና ስንዴ እየዘራች፣ ጥቂት በጎች እያረባች ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋለች። ጌታን ያገኘችው በወጣትነቷ ነው። እኔም በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት መዝሙር ከእርሷ አፍ የወጣ ነው። ክረምት ላይ ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ፣ እኛ ልጆች እሳት ዳር ተኮልኩለን፣ እርሷ ጭኮ እያቀረበችልን ትዘምር ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ እርሷ ወደምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በአምልኮው ሰዓት ዞር ብዬ ሳያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች። «ጌታ ነክቷት ነው» ብዬ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም በልቤ ቀናሁባት። ፕሮግራሙ አልቆ ሰላም ልላት ስጠጋ ግን ጉንጯን አሸሸችብኝ። ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ ግራ ጉንጯ አብጧል። ስታለቅስ የነበረው ከሕመም ነው። ነጠላው ደግሞ መዘመር ያልቻለውን አፏን መሸፈኛ ነበር።

ያን ጊዜ ግንቦት ላይ ደውላልኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። «ኢልመኮ፣» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ «ጥርሴ ሌሊቱን ሁሉ ሲነዘንዘኝ ያድራል። እንቅልፍ አጣሁ። እስቲ ጸልይልኝ።» ስልኩን እንደያዝኩ ጸለይኩላት። እርሷም «አሜን፣ አሜን» አለች። ከዚያ በጨው ውሃ እንድትጉመጠመጥ፣ ቅርንፉድም እንድትይዝበት መከርኳትና ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ወር ግን እኔ ራሴ አሰላ ውስጥ የግል ክሊኒክ ሄጄ ጥርሴን አስሞልቼ ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከፍዬ ወጣሁ፤ ማታ ሥጋ በላሁበት።

ያዕቆብ የተራበውንና የታረዘውን ወንድሙን በመልካም ቃል ብቻ አሰናብቶ ባዶ እጁን ስለሚሰድ አማኝ የጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቤት ለቤት ኅብረታችን ያንን ክፍል ያስጠናሁት እኔ ነበርኩ። ያ ሰው እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ግን ያን እሑድ፣ የአዳዳን ጉንጭ ሳይ ነው።

ተቀምጠን ስትነግረኝ፣ ዝም ብላ አልተቀመጠችም ነበር። የጤና መድን ካርድ አላት፤ መዋጮዋን በየዓመቱ ትከፍላለች። ክረምቱ ሳይገባ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄዳ ነበር። «የሚሞላ ነገር የለንም፤ መንቀል ብቻ ነው የምንችለው» አሏት። ይነቀል አለች። ማደንዘዣ መርፌው አልቋል፤ ከውጭ ገዝታ ትምጣ ወይም በሌላ ሳምንት ትመለስ። ተመለሰች። በዚያ ቀን ደግሞ ወንበሩ ተበላሽቶ ክፍሉ ተዘግቷል። የግል ክሊኒክ ዋጋ ስትጠይቅ ሁለት በግ የሚያስሸጥ ሆነባት። በጎቹ የልጅ ልጇ የትምህርት ቤት ወጪ ናቸው። ስለዚህ ቅርንፉዷን ይዛ ተቀመጠች።

«ነገ አሰላ እንሂድ» አልኳት። «ገብሱ ደርሷል፤ ይታጨድና እንሄዳለን» አለች። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። ይህንን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ረቡዕ ሌሊት ልጇ ደወለ። አፏ አልከፈት ብሏል፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል፣ ከአገጯ ሥር እስከ አንገቷ አብጦ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ኮንትራት መኪና ይዘው አሰላ ሲደርሱ ጠበቅኳቸው። የጌታ ምሕረት ሆኖ ሐኪሞቹ ጊዜ አላጠፉም። መግሉን ከፍተው አፈሰሱ፣ በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት፣ ኋላም ሁለት ጥርሶቿን ነቀሉ። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሳው ኢንፌክሽን ወደ ምላሷ ሥር ወርዶ ነበር። እንዲህ ያለው እብጠት ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። ወጣቱን ሐኪም «ሰው በጥርስ ይሞታል እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው «ይሞታል እንጂ፤ ዘግይቶ ከመጣ ይሞታል» አለኝ።

ስለ ጥርሱ ነጻ የወጣው ሰው

ያን ሌሊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። በዚያ ሰሞን ዘጸአትን ነበር የማነበው፤ ምዕራፍ 21 ላይ ደረስኩ። ጥርስ በጥርስ የሚለውን ሕግ የማያውቅ የለም። ከእርሱ ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብሎ ያለውን ግን ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። ጌታ የባሪያውን ወይም የገረዱን ጥርስ ቢያወልቅ፣ ስለዚያ ጥርስ ሲል ነጻ ሊያወጣው ግድ ነው ይላል።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። በዚያ ዘመን ባሪያ ማለት ማንም ስለ አካሉ የማይጠይቅለት ሰው ነው። እግዚአብሔር ግን የዚያን ሰው ጥርስ ቆጠረው። «ጥርስ ትንሽ ነገር ነው፤ ሌላ ሠላሳ ጥርስ አለው» አላለም። አንዲት ጥርስ የአንድን ሰው ነጻነት ያህል ዋጋ አገኘች። ስለ ራስ ጠጉራችን እንኳ የሚያውቅ አባት ስለ አዳዳ መንጋጋ ግድ የለውም ብዬ እንዴት ኖርኩ?

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆችም ይህን ልብ በሉ። ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ኢየሱስ መስማትና በደንብ መናገር የማይችለውን ሰው ሲፈውስ ከሩቅ ቃል ተናግሮ አልሄደም። ከሕዝቡ ለይቶ ወስዶ ምላሱን በእጁ ነካው፤ ወደ ሰማይም አይቶ ቃተተ። እኛ የምናመልከው ጌታ በታመመ ሰው አፍ ውስጥ እጁን ማስገባት የማይጸየፍ ነው።

ድምፅ የሌለው ቅነሳ

አዳዳ ከተሻላት በኋላ ነገሩን ማጠያየቅ ጀመርኩ። ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ያገኘሁት ማንም ያልጮኸለትን በጀት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ለገበሬው ትልቅ በረከት ነበር፤ ዛሬም ነው። መዋጮ መክፈል የማይችሉትን የድሃ ድሃዎች ወጪ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ስለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ። ነገር ግን መድኑ ከማይሸፍናቸው መካከል ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገኝበታል፤ ያውም ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር አንድ ላይ ተመድቦ። አዳዳ ሁለት መንጋጋዎቿን ያጣችው ለውበት አልነበረም። እንጀራዋንና ቆሎዋን የምታኝክባቸው ነበሩ። መንቀልና መሙላትን በተመለከተ ደግሞ ካርዱ የሚጠቅመው ተቋሙ ውስጥ ማደንዘዣውና መሙያው ሲኖር ነው። ከሌለ ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል ይመለሳል።

የበጀት ቅነሳ ሁልጊዜ በአዋጅ አይመጣም። ሳይታዘዝ የቀረ መርፌ ቅነሳ ነው። ሳይጠገን የከረመ ወንበርም ቅነሳ ነው። ማደንዘዣ፣ የጥርስ መሙያና ጓንት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው በጀት የሚገዛው ዕቃ አንሷል። ማንም «ቀነስን» ሳይል ተቀነሰ ማለት ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አቆመ። ጤና ሚኒስቴርም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። እነዚህ የጥርስ ሐኪሞች አልነበሩም። ግን የቤት ጣሪያ ሲያፈስ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ ወደዚያ እንደሚያዞር፣ የኤች አይ ቪንና የወባን ቀዳዳ ለመድፈን የሚሯሯጥ ሹም ጥርስን የመጨረሻ ተራ ላይ እንዳያስቀምጠው እፈራለሁ። የጥርስ ሕመምተኛ ሰልፍ አይወጣም። ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ቤቱ ይቀመጣል።

«አገሪቱ ድሃ ናት»

አንድ የምወዳቸው ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ስለ ጥርስ መናገር ቅንጦት አይሆንም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። የወላድ እናት ደም ተቀንሶ ለጥርስ ይሰጥ የሚል ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ጥርስን መተው ገንዘብ አያተርፍም። በጊዜው ቢሞላ በአንድ ቀጠሮ የሚያልቀው የአዳዳ ጥርስ ለቀናት የሆስፒታል አልጋ፣ የደም ሥር መድኃኒትና የሌሊት ሐኪም ጠየቀ። ያንንም የከፈለው ያው ደካማ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

አሜሪካ ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው «እዚህም ሆኗል» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ዲያሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ከተበላሸ ጥርሱ የተነሳው ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ደርሶ ሞተ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር፤ የመንግሥት መድናቸውም ተቋርጦ ነበር። ጥርሱን ማስነቀል 80 ዶላር ያህል ይበቃው ነበር፤ ሊያድኑት ሲሞክሩ የወጣው ግን ከ250,000 ዶላር በላይ ሆነ። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ገንዘብ ሲያጥራት ለድሆች አዋቂዎች ትሰጠው የነበረውን የጥርስ ሕክምና አብዛኛውን ሰረዘች። በጥርስ ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ጨመረ። ሰዎች ዝም አላሉም፤ በ2014 ከፊሉ፣ በ2018 ቀሪው ተመለሰ። ሜሪላንድም ከልጁ ሞት በኋላ የድሃ ልጆችን የጥርስ ሕክምና አሻሻለች። ሀብታም አገርም ጥርስን ሲተው እንዲህ ከሆነ፣ ለእኛ ለድሆቹ ቸል ማለት ይበልጥ ውድ ነው።

ደግሞም የምንለምነው ውድ ማሽን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናን፣ የመበስበስን ጉዞ የሚያቆም የሚቀባ ፈሳሽንና አንድ ዓይነት የጥርስ መሙያን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ይህን መሙያ የሠለጠነ ባለሙያ ያለ መሰርሰሪያ፣ ያለ መብራት፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የተበላሸውን ጠርጎ ሊሞላበት ይችላል። ለገጠር ጤና ጣቢያ የታሰበ የሚመስል ሥራ ነው።

«ሕዝቡ ራሱ ጥርሱን ስለማይጠብቅ ነው» የሚልም አለ። መፋቂያችንንም ብሩሹንም እንጠቀም፤ ልጆቻችን ከረሜላ እንዲቀንሱ እናስተምር፤ እስማማለሁ። ግን ከእኛ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆው ውረዱና የወንጂንና የመቂን ልጆች ጥርስ እዩ። ብዙዎቹ ጥርሳቸው የቡኒ ቀለም የያዘው ባለመፋቃቸው አይደለም። በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ስለሆነ ነው። ትንሹ ፍሎራይድ ጥርስን ይጠብቃል፣ ብዙው ያበላሻል። ያንን ልጅ ብሩሽ አያድነውም፤ የሚያድነው የተስተካከለ የሕዝብ ውሃ ነው። ማንም ብቻውን የማይሸከመው ሸክም አለና አብረን እንሸከመው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነህምያን አስቡት። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከዚያ በንጉሡ ፊት ሲቆም አላፈረም፤ የይለፍ ደብዳቤና ከንጉሡ ደን እንጨት ጠየቀ። በዛሬ ቋንቋ በጀት ጠየቀ ማለት ነው። ጸሎቱና ጥያቄው አልተጣሉም። እኔ ለአዳዳ የመጀመሪያውን አድርጌ ሁለተኛውን ተውኩት።

አንደኛ፣ እንጠይቅ። በቤት ለቤት ኅብረታችን የሚዘምር አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ አረጋዊት እናት የቀረበላቸውን ቆሎ ሳይነኩ ሲመልሱ «ጥርስዎን ያምዎታል?» እንበል። አፍረው አይነግሩንምና።

ሁለተኛ፣ የምሕረት አገልግሎታችን ጥርስንም ያስብ። የመድን መዋጮ ላነሰው እንሙላ፤ አሰላ ድረስ ለሚመጣው የመኪና እንክፈል። አፉ አልከፈት ያለውን፣ አገጩ ሥር ያበጠውን ወይም መዋጥ ያቃተውን ሰው ግን አንድ ሌሊት እንኳ አናሳድረው።

ሦስተኛ፣ በአክብሮት እንናገር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ውይይቱ ከዚያ በፊት ነው። የቀበሌ ስብሰባ፣ የመድን አባላት ጉባኤና በሆስፒታል ቦርድ የሕዝብ ተወካዮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የጉባኤያችን ሰዎች የሌሉበት የለም። ጥያቄያችንም ቀላል ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ለጥርስ ክፍሉ ማደንዘዣና መሙያ ተመድቧል ወይ? የተበላሸው ወንበር መቼ ይጠገናል? በጀት ቢጠብ እንኳ የድሃው ጥርስ መጀመሪያ አይቆረጥ። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። ለመሪዎቻችን የምንጸልይ እኛ ቃላቸውንም በፍቅር ልናስታውሳቸው ይገባል። ምሳሌ 31 ላይም የንጉሥ እናት ልጇን የምትመክረው ይህንኑ ነው፤ ስለ ራሱ መናገር ለማይችል ሰው ተናጋሪ እንዲሆንለት።

አራተኛ፣ ያለ በቂ ዕቃ ለሚሠሩት የጥርስ ባለሙያዎች እንጸልይ፤ እናመስግናቸውም። ሕመምተኛን ባዶ እጁን መመለስ እነርሱንም ያማል።

በገና በዓል እንደገና ሳጉሬ ሄድኩ። አዳዳ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ በግራ በኩል ጥርሶቿ ስለጎደሉ አንዳንዱ ቃል ይንሸራተትባታል። ግን ትዘምራለች። ሳያት በዚህ ጊዜም አንድ ሰው አለቀሰ፤ እኔ ነበርኩ።

ከአምልኮ በኋላ ቆሎ ቀረበ። አፈሰችና እኔ መዳፍ ላይ አደረገችው። «አንተ ብላልኝ ኢልመኮ፤ እኔ በሶዬን እጠጣለሁ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ያን ቆሎ በቀላሉ መዋጥ አልቻልኩም።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የባሪያውን ጥርስ የቆጠርህ አምላክ፣ ቸልተኝነቴን ይቅር በለኝ። አፋቸውን ሸፍነው ቤታቸው የተቀመጡትን አስባቸው። የሚያክሙአቸውን እጆች አበርታ፤ በጀት ለሚመድቡት ርኅሩኅ ልብ ስጣቸው። የእኛንም አፍ ክፈትልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።